ከመሃል እንዳትሞት

ከዚራ ጓሮዬ፣ ከባቡሩ አጥር ሥር፣
መሬቱ አሸዋ ነው፣ ውሃ አያሳድር።
የዘይት በርሜሉን በመጋዝ ሰንጥቄ፣
ቂጡን በመሮ ሰባት ቦታ ፈልቅቄ፣
የደንገጎ አፈር ሞላሁበት፣
ለአንዲት ነጭ አበባ፣ ዴዚ ለሚሏት።

ስሯን የሰጠችኝ ሐረር፣ ወይዘሮ ሰኪና ናት፣
በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ፣ "ወላፈን እንዳይነካት!"
ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ በሚኒባሱ መስኮት ቆላው ሲገባ፣
በገዛ ኮፍያዬ ጋረድኳት፤ የኔ መላጣ ተጠበሰ እንደ ዳባ።

የቧንቧችን ፈረቃ በሳምንት ሁለቴ ነው፣
ውሃውም ማንቆርቆሪያ ላይ ኖራ የሚጋግር ነው።
እጄን የታጠብኩበትን፣ ጎመን የዘፈዘፍኩበትን፣
ለሷ አጠራቅማለሁ፣ ለራሴ የከለከልኩትን።
ጎረቤቴ ሮብሌ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣
"ፍየል የማትጠግበው ምን ይረባል?" ይለኛል ፌዝ ፈልጎ።

የመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ። ሁለተኛው ሦስት አበባ።
በሦስተኛው፣ ጠዋት በሩን ስከፍት፣ ሚዜ መሰለኝ፣ ነጭ ለብሶ የገባ።

በአራተኛው መሃሏ ደረቀ፤ ዳር ዳሯ ብቻ ቀረ፣
የሽማግሌ አናት መሰለች። ሆዴ ተሸበረ።
ሐረር ደወልኩ። ሳቀች። "ስትሳሳላት ነው የጎዳሃት" አለችኝ፣
"ቢላዋ አምጣና ስሯን ለአራት ክፈላት" ብላ አዘዘችኝ።
"ይቺ አበባ ሳትነካ ከኖረች፣ ከመሃል ትሞታለች፤
የተከፈለች እንደሆን፣ በአራት ደጃፍ ትበቅላለች።"

ቢላዋውን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ እጄ እንቢ አለኝ።
ምን እንደሆነ እንጃ፣ እህቴ እታለማሁ ትዝ አለችኝ።
የአባታችን ሁለት ክፍል፣ የምድር ባቡር ቆርቆሮ፣
እኔ "አይከፈልም" ብዬ፣ ስድስት ዓመት የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣
መዝገቡ እየወፈረ፣ እኛ ከመሃል ስንደርቅ፣
እሷ ገንደ ቆሬ፣ እኔ ከዚራ፣ በአንድ ከተማ ስንራራቅ።

ከፈልኳት። ስር ሲቀደድ ድምፅ አለው፣ እንደ አሮጌ ጨርቅ።

አንዱን በርሜሉ ላይ መለስኩት። አንዱን ለሮብሌ፣ በአጥሩ ላይ፤
ወዲያው ፍየሉን አሰራት፣ ምንም ሳይል፣ ወደኔ ሳያይ።
ሦስተኛውን ለለገሃሬው ልብስ ሰፊ፣ ለኡመረዲን፤
በዱቄት ወተት ጣሳ ተከለው፣ በመርፌ ቀዳድቶ ታቹን።

አራተኛውን በጆንያ ጠቀለልኩ። በባጃጅ፣ ከቀትር በኋላ፣
የደቻቱን ደረቅ አሸዋ ተሻገርኩ፣ ኮፍያዬ ለሷ ጥላ።
አንኳኳሁ። ከፈተች። ሸብታለች። ሁለታችንም ዝም።
"ውሃ ትፈልጋለች" አልኩ፤ ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ጆንያውን ተቀበለች። በጣቷ ዳሰሰች ስሩን።
"ቦታ አለኝ" አለች፣ "ጓሮ በኩል፤ ጥላ ነው ከሰዓቱን።"

ክሱ አልተዘጋም። ቀጠሯችን ለጥቅምት አሥራ ሁለት ነው።
ትናንት ደወለች፦ "አንድ እንቡጥ አወጣች፤ ግን ኖራው ቅጠሏን ነካው።"