ከአደም እስከ ጡምረይት

ይህን መንገድ ሄጄበት አላውቅም፤ አንድ ሌሊት
በፒክአፕ ኋላ፣ ተኝቼ፣ ሳላየው መጣሁበት።
ሃይማ አወረዱኝ። ከዚያ ወዲህ አስራ ዘጠኝ ዓመት
አንሶላ እያጠብኩ ነው ያጠናሁት።

ትራሱ ላይ አሸዋ ካለ፣ ቀይ፣ የላመ እንደ በርበሬ፣
እንግዳው የሰሜን ነው፤ አደምን አልፎ የመጣ ዛሬ።
ምንጣፉ ላይ ጭቃ፣ ፎጣው የኮኮናት ሽታ ከያዘ፣
ከሳላላ ነው፤ ጉሙን ጠግቦ ወደ ቤቱ የተጓዘ።
ነዳጅ የሚሸተውን አልጠይቅም፤ የዘይት ጉድጓድ ሰው ነው፤
ሌሊቱን ያስላል፣ ጠዋት አንድ ሻይ አይበቃው።
እንዲህ በእድፍ፣ በጨርቅ፣ በወደቀ ፀጉር
ጋባን አወቅሁ፣ ጋፍተይንን፣ ቅትቢትን፣ የመቅሸንን ነገር፤
ከጡምረይት ወዲያ መሬቱ አልቆ ቁልቁል እንደሚወረወር።

ያኔ መንገዱ አንድ ነበር፤ አንድ ቀጭን ኩል፣
ሂያጅና መጪ የሚተላለፍበት፣ በስንዝር ዕድል።
ጭጋግ በዋጠው ንጋት፣ መብራት ከመብራት ሲፋጠጥ፣
ግመል መሀል ቆማ የትኛውን ዳር እንደምትይዝ ስትመርጥ፣
ኩሽና ሆነን ድምፁን ሰምተን እጃችንን እናቆማለን፤
ሙሰለም ጀሪካን ይዞ ሲሮጥ በመስኮት እናያለን።
ስንት አንሶላ ሰጠሁ፣ ለዚያ መንገድ ዳር ፍዳ፣
ያልተመለሰ፣ ከቁጥር የጎደለ፣ በስሜ የተጻፈ ዕዳ!

አንድ ቀን ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል መጣ፤
ከችካሉ ኋላ ሰው፣ ከሰው ኋላ ጠጠር፣ ከጠጠር ኋላ ጣጣ።
መሐንዲሱ ኩርያን፣ ሙዝ በዳቦ የሚበላው የኬረላ፣
ካርታውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ፣ በጨው ዕቃና በቢላ
ጫፉን አስያዘው። «በሬ የት ጋ ነው?» አልኩ። እርሳሱ ዞረ፣
ፈለገ፣ ተመለሰ። «እዚህ ጋ ነበረ» አለና አፈረ።
(ባማርኛ ብጠይቅማ ኖሮ፣ ሰሚው «በሬ ጠፋት» ባለ ነበረ።)

ጉል ዘማን መዳመጫውን እየነዳ ሦስት ረመዳን ጾመ።
«ባገሬ ስሙ ዳምጠው ነው» ብለው፣ ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ፤
ሰው መሰለው። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ለሻይ ሲመጣ
«ዳምጠው ደህና ዋለ» ይለኛል፣ ከዘመድ መልእክት እንዳመጣ።

እና መንገዱ መንታ ወለደ፤ አንዱ ለሂያጅ፣ አንዱ ለመጪ፤
መሀላቸው የብረት አጥር፣ ከእንግዲህ የለም ተጋጪ።
አንሶላዬ አይጎድልም። ቁጥሩ ልክ ነው። አልሐምዱሊላህ።
ግን ወደ ሰሜን የሚሄደው ሁሉ ከአጥሩ ማዶ ነው፤
መዞሪያው ሩቅ ነው፣ ለአንድ ሻይ ማን ይዞረዋል?
የውሃ ቦቴ ነጂው በኺት ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፍቶ ያልፋል።
የፊተኛው «ጦይባ፣ ሰላም» ነው።
ሁለተኛውን አላውቅም።

በሐምሌ ነጫጭ መኪና ከዱባይ፣ ከኩዌት
ይግተለተላል፣ ያን ሁሉ በረሃ፣ ዝናብ ለማየት።
ዝናብ! አንዷ ሴት በስልኳ ካፊያ አሳየችኝ፣ ደጋግማ፤
እኔ የደጋን ልጅ፣ ክረምት በቆርቆሮ ስር ሲደበደብ የሰማ
ጆሮዬን ይዤ፣ «ማሻአላህ» አልኳት፣
አዲስ ነገር እንዳየሁ ሁሉ።

አሮጌው መንገድ ሁሉም አልተነቀለም። ከጓሯችን፣
ከውሃ ታንከሩ ጀርባ አንድ ቁራጭ ቀርቷል፣
አሸዋ ለብሶ፣ ሰሌዳው ጎብጦ።
ሲመሽ የሙሰለም ግመሎች ይተኙበታል፤
አስፋልቱ የቀኑን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት ይይዛል።

ትናንት ሥራ ጨርሼ ሄድኩበት።
ነጩን መስመር በጫማዬ ጫፍ እየጠረግሁ፣
መሀል መሀሉን፣ መቶ እርምጃ፣ ሁለት መቶ፣
ወደ አደም ይሁን ወደ ጡምረይት ሳልለይ።
አንዷ ግመል አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ።
መንገድ አልለቀቀችልኝም።
በዳር በኩል ዞሬ አለፍኳት።