ዘጠና ዲናር

ሐወሊ፣ አርብ ከሰዓት፤ ነሐሴ አስፋልት ሲያቀልጥ፣
ከአውቶቡስ ወርጄ በጥላ በጥላ ስሮጥ፣
ዘጠና ዲናር ይዣለሁ፣ በመሀረብ የታሰረ፣
የስድስት ወር ሹሩባ ነው፣ ከሰው ራስ ላይ የተቆጠረ።

ዝርዝሬን ከደረሰኝ ጀርባ በእርሳስ ጽፌዋለሁ፤
ሰርዤ፣ ደልዤ፣ መልሼ፣ ዳግም ሰርዤዋለሁ።
ፕሮሰሰሩ ላይ ብሰስት፣ ካርዱ ሥራ ይፈታል፤
ካርዱ ላይ ብሰስት ደግሞ፣ ጌሙ ምስሉን ይጎትታል።
አንዱን ሳለብሰው ሌላው ብርድ ብርድ ይለዋል፤
አጭር ጋቢ ነው ዘጠና፤ እግር ሲሸፍን ራስ ይቀረዋል።

አቡ ሸዲ ከባንኮኒው ሻዩን ፉት እያለ፣
"ለወንድምሽ ነው?" አለ።
"አይደለም።"
"ለልጅሽ?"
"ልጅ የለኝም።"
"እና ለማን ብዬ ልስጥሽ?"
"ለእኔ" አልኩት።
ሳቀ። ከዚያ አልሳቀም።
ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ሌላ ነገር አልጠየቀም።

መጀመሪያ ያወጣልኝ ቀይ ሰማያዊ የሚያበራ፣
ማራገቢያው የሰርግ ድንኳን፣ መስታወቱ የሚያኮራ።
"መብራቱ ስንት ፍሬም ይጨምራል?" ብዬ ጠየቅሁት፤
ሳጥኑን ወደ መደርደሪያው ቀስ ብሎ ሲመልስ አየሁት።

ፕሮሰሰር፣ ባለ ስድስት ኮር፣ ያገለገለ፤
እግሮቹን በስልክ መብራት ቆጠርኩ፣ አንድም የጎበጠ የለ።
ከማዘርቦርዱ አራት የራም ማረፊያ ሁለቱን ባዶ ተውኩ፤
ለመጪው ደሞዝ እንግዳ ከወዲሁ ቦታ ያዝኩ።

ከዚያ ካርዱ።
"ወላሂ፣ ሁለት ወር ብቻ ነው የሠራው!"
ገለበጥኩት። የብሎኑ ራስ በመፍቻ ብዛት ተልጧል፤
ማራገቢያው በጣት ሲገፋ እንደ ሽማግሌ ያቃስታል።
ዲጂታል ሳንቲም ሲቆፍር ኖሯል፣ ቀንም ሌትም ሳይተኛ፤
አውቀዋለሁ ይህን ፊት፤ አርብ የሌለው የቤት ሠራተኛ።
አዘንኩለት፣ አልገዛሁትም።
ማዘን ሌላ፣ መግዛት ሌላ፤ ዲናሬ ለሁለቱ አይበቃም።
አነስ ያለውን፣ ንጹሑን፣ በሠላሳ አራት ወሰድኩ፤
ስክሪን ላይ ሳታሠራልኝ ከወንበሩ አልነሳም አልኩ።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ ግን ቃል አልተነፈስኩም፤
አሥራ አራት አለ፣ ቆጠርኩ።
"የስምንትም አለ እኮ!" ቢለኝ፣ ቀና ብዬ አላየሁም።
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤
ሳልሚያ ያየሁት ሌሊት ዛሬም አፍንጫዬ ላይ ይሸታል፦
የማዳም ቤት፣ የፈሀድ ክፍል፣ ርካሹ ሳጥን ጧ ብሎ፣
ልጁ ጨለማው ውስጥ ክንዴ ላይ በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ።
ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ አብሮት የሚጫወት ሲያጣ፣
ቤቱ ከተኛ በኋላ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ይዞልኝ መጣ፤
ቀን ሳህን ስታጥብ የዋለች እጅ፣ ሌሊት መኪና ስትነዳ፣
"አንቺ ሁልጊዜ ግድግዳ!" ይለኛል፣ "ሁልጊዜ ግድግዳ!"
አደገ፤ ጺም አወጣ፤ ለትምህርት ባሕር ተሻገረ፤
ለእኔ የተረፈኝ አውራ ጣቴ ነው፣ መንዳት እያማረው የቀረ።

ሒሳቡ ሲደመር፣ ሰማንያ ስምንት ተኩል።
ኬዝስ?
አቡ ሸዲ ከጓዳ ገብቶ፣ ጎኑ የወለቀ አመጣ፤
"በር የለውም፣ ውሰጂው" አለ፣ "ከቤቴ አቧራ ይውጣ።"

ፈርዋኒያ፣ ሌሊት። መሬማና ትብለጥ ተኝተዋል።
የጎደለውን ጎን በአሮጌ ስቶኪንግ ወጥሬዋለሁ፤
አየር ይለፍ፣ የኩዌት አሸዋ ደጅ ይቅር ብዬዋለሁ።
ከሳሎኑ የተጣለው ቲቪ፣ መሀሉ ላይ አረንጓዴ መስመር አለው፤
ይኑረው።

ቁልፉን ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ጨለማ።
ልቤ ወረደ። ያ ሁሉ ሹሩባ! ያ ሁሉ የወገብ ሕመም!
ነቀልኩ፣ ነፋሁበት፣ ራሙን በሁለት አውራ ጣት ጫን አደረግሁት፣
ቀጭ! ሲል ሰማሁት።
ነጭ ፊደል፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ጎዳና ተዘረጋ፤
ጥጉ ላይ "ተጫዋች አንድ" ይላል፤
ማን መጣ ብዬ ዞርኩ፣ ማንም የለ እኔ ጋ።

ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፤
አውራ ጣቴ ረስቶታል፣ ፍሬኑንም መንገዱንም በአንድ፤
ገና በመጀመሪያው ኩርባ ከግድግዳው ጋር ተላተምኩ።
ትብለጥ ተገላበጠች።
ሳቄን በትራስ አፈንኩ።