ሳናጣራ

የሳስካቱን ብርድ መስኮት አሳሽጎን፣
ልጃችን ያፌት ሌሊቱን እየሳለብን፣
ወተት ከለከልነው፤ ምንጣፍ ጠቀለልን፤
የጎረቤታችንን፣ የሃልቮርሰንን
ድመት ወነጀልን።

ማሞቂያ የሚያድስ መጣ አንድ ባለሙያ፤
ምድር ቤት ተንበርክኮ መዘዘ ማጣሪያ፦
ግራጫ፣ እንደ በግ ለምድ የወፈረ፣
ጠርዙ ላይ በእርሳስ ቀን የሰፈረ።
ያን ጊዜማ ያፌት መች ተፈጠረ!
ሁላችን አለንበት፤ ፀጉራችን፣
የነሐሴው ሰደድ እሳት ጢስ፣
የግድግዳው ቀለም ስንፍቀው የበነነው።

«በየሦስት ወሩ» አለኝ፣ ጓንቱን እያወለቀ።
ሃያ ሁለት ዶላር። ሳሉ አልጠፋም፤ ግን ራቀ።

እሑድ የሃልቮርሰንን ደጅ አንኳኩቼ ቆምኩ፤
ድመቷ ቀድማ ወጥታ እግሬን ስትታከክ አፈርኩ።

ሳናጣራ ተንፍሰን
ሳናጣራ ፈረድን።