ወፍራም ወረቀት

ሂርማታ ስደርስ ዝናቡ አባርቷል፤
አዌቱ ድልድዩን ሊውጥ ደርሶ ትቶታል።
ከባጃጅ ወረድኩኝ ሱሪዬን ሰብስቤ፣
ሠላሳ መጠይቅ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ እንዳይርስ አስቤ።

የጥናቴ ርእስ ሁለት መስመር ሙሉ፦
«ልዩ ፍላጎት ላላቸው ተማሪዎች ሁሉ
በወላጅ ቦርድ የሚመሩ ትምህርት ቤቶች
የሚሰጡት ድጋፍና የሚታዩ ክፍተቶች።»
እናቴ ሰምታው «ልጄ» አለችኝ፣ «አሳጥረው፤
በሩ ክፍት ነው ወይ? ይኸው ነው የምትጠይቀው።»

ርዕሰ መምህሩ አቶ ገዛኸኝ ሻይ አዘዙልኝ፤
መዝገቡን ገልጠው በእስክሪብቶ ጫፍ አሳዩኝ፦
«ሦስት። ሁለት ወንድ፣ አንዲት ሴት። ሌላ የለም።
ምዝገባው በዕጣ ነው፣ ማንም አይገፋም።
ዕጣ ደግሞ ዐይን የለው፤ አያዳላም።»
«ከዕጣው በፊትስ?» አልኩ። ሻዩን አማሰሉ።
ስኳሩ ሟሙቷል፤ ማማሰል ቀጠሉ።

ቀሪውን የነገሩኝ ዘበኛው ናቸው፣ አባ ፊጣ፦
«ማን ይከለክላል» አሉኝ፣ «ሰው ልጁን ይዞ ሲመጣ?
‘አይቻልም’ የሚል ቃል ከዚህ በር አይወጣ።
ወንበር ይስባሉ፣ የልጁን ራስ ይዳብሳሉ፣
‘ለእሱ የሚሻል ቤት መንቲና አለ’ ይላሉ።
መንቲና ወደ ቆጪ ይልካል፣
ቆጪ ወደ ቤት።
ልጁ በሰላምታ ይመለሳል።»

በቅጼ ላይ ለሰላምታ የሚሆን ሳጥን አጣሁ፤
«ሌላ ካለ ይጠቀስ» ከሚለው ሥር ጻፍኩና መልሼ ፋቅሁ።

አራተኛ «ለ»፣ የመምህርት ጠይባ ክፍል፤
ስልሳ ሁለት ልጅ፣ ቆርቆሮው ላይ እንደገና ዝናብ፣
ኖራዋን ይዛ ትጮኻለች፣ ከንፈሯ እንጂ ድምጿ አይሰማም።
የጻፈችውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች፤
ማንም አላዘዛትም፣ ልማድ ሆኖባት ነው።
መስኮቱ ሥር ሻፊ፣ የብሬል ሰሌዳው ጭኑ ላይ፣
ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፣
ሲገለብጠው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል።
ዝናቡ ድንገት ሲቆም
ጠቅ። ጠቅ ጠቅ።
ሰው የሚያንኳኳ መስሎኝ
ዞሬ በሩን አየሁ።

«ምንድን ነው የያዝከው?» አለኝ።
«መጠይቅ።»
«እስቲ።»
በመዳፉ ዳበሰው፣ ጠርዙን ለካ፣ አሸተተው።
«ባዶ ነው እኮ» አለ።
«ሞልቷል» አልኩት፣ «አርባ አንድ ጥያቄ።»
ሳቀብኝ። አንዱን አስቀርቶ እስከ ደወል ድረስ ወጋው፣
አራት ቦታ አጥፎ እጄ ላይ አኖረው።

ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምፒውተር ክፍል፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፤
ዮርዳ ታስገባለች፣ እኔ አነብላታለሁ።
«ይኼ የተበሳሳውስ?»
«የሻፊ ነው።»
«ዘጠና ዘጠኝ ልበለው?»
ዘጠና ዘጠኝ በእኛ ቋንቋ
መልስ አልተገኘም ማለት ነው።
«በይው» አልኩ። አልኩ እንጂ
ሌሊቱን ተነሥቼ በአውራ ጣቴ ዳበስኩት፦
ጉብታ፣ ጉብታ፣ ሜዳ፣ ጉብታ።
ማስተርስ ይዣለሁ፤
ጣቴ ግን መሃይም ነው።

ማክሰኞ ይዤው ተመለስኩ።
«ራስህ አንብብልኝ» አልኩት።
የጻፈውን ረስቶት ነበር፤ ጣቱ ግን ሲሄድ
ፊቱ ቀድሞ ፈገግ አለ፦

«ወረቀትህ ስስ ነው። ሦስት ቦታ ተቀደደ።
ለሚቀጥለው ወፍራም ይዘህ ና።
ያኔ እመልስልሃለሁ።»

እነሆ መርካቶ፣ ከሱቅ ሱቅ እዞራለሁ፣
የአምና ካላንደር አላችሁ ወይ እላለሁ።
«ያለፈ ዓመት» ይላል ባለሱቁ፣ «ምን ይረባሃል?»
«ጀርባውን ነው የምፈልገው።»
ስምንት አገኘሁ፤ አንዱ የባንክ ነው፣ በጣም ወፍራም።

ሠንጠረዡ ላይ ግን፣ አሥራ ሰባተኛው ረድፍ፣
እስካሁን ዘጠና ዘጠኝ ይላል።