የባትሪዎቹ ቤት

ሽምብጥ፣ ሐይቁ ዳር፣ መብራት እንደ እንግዳ
ሲሻው የሚመጣ፣ ሲሻው የሚከዳ፤
ስለዚህ ገዛሁኝ አራት ያገለገሉ፣
ከጭነት መኪና ወርደው እርሳስ ያዘሉ፤
ከአልጋችን ሥር ገፋኋቸው፣ እዚያው ይዋሉ።

ሥራዬ ጫጩት ማስፈልፈል፤ ስልሳ እንቁላል በሣጥን፣
ሙቀቱ ሃያ አንድ ቀን
ለአፍታ እንኳ እንዳይጎድልብን።
መብራት ሲሄድ ባትሪ ያዝ፣ ሲመለስ ባትሪ ሙላ፤
ሌሊት ሌሊት ቡልቅ ቡልቅ፣ እንደ ጥንስስ ጠላ።

በአሥራ አራተኛው ሌሊት ይታክቱ ነቃች፣
“እንቁላል ሸተተኝ፣ ተበላሸ” አለች።
ስልሳውን አንድ ባንድ በስልክ መብራት አየነው፤
ቀይ ክሩ ይርገበገባል፣ ሁሉም ደኅና ነው።
ሽታው ግን አለ፤
ጎንበስ ስል፣ ከአልጋው ሥር አየለ።
የነጠላዋ ጫፍ ባትሪው ላይ ወድቆ ኖሮ
ወንፊት ሆኗል፣ በአሲድ ተሰርስሮ።
እሷ በጨለማው ክብሪት ልትጭር ነበር፤
እጇን አፈፍ አረግሁ። የሚነድ ነው ለካ የተኛንበት አየር።

“ሽታው እንኳ ደጉ ነው” አለኝ ባዬ፣ የጀልባ መካኒኩ፣
“የሚፈራው ሌላ ነው፤ ሽታ የለው፣ አይታይ መልኩ፤
ቅልል ያለ፣ ሽቅብ ሂያጅ፣ ጣሪያ ሥር ነው ቤቱ፣
መውጫ ካጣ ያደባል፤ ከከፈቱለት ይሄዳል በሌሊቱ።”

ከዓሣ ገበያ አገኘሁ አንድ የበረዶ ሣጥን፣
ቆሮሶ ቆሮሶ የሚል፣ አሲድ የማይበላው ጎን።
ታዛው ላይ አቆምሁት። ከታች በስተሐይቁ
ሦስት ቀዳዳ በሳሁ፤ ነፋስ ይግባ በልኩ።
ከላይ የልጅ ክንድ የሚያህል ቱቦ፣ ከጣሪያው ያለፈ፤
ክዳኑን አዘመምሁት፣ ጋዙ ጥግ ይዞ እንዳያርፍ፤
ለቱቦው አፍ ወንፊት፤ የጣና ትንኝ መች ይተኛ!
ማብሪያ ማጥፊያውን አራቅሁ፣ ብልጭታ እንዳይጎበኘው፣
የገመዱን ራስ ቫዝሊን ቀባሁ፣ ዝገት እንዳያገኘው።

አለቃ ድረስ መጡ፣ ምርኩዛቸውን ተክለው፦
“ቀፎ ነው?”
“አይደለም።”
“የልጅ ሬሣ ሣጥን ነው?”
“ባትሪ ነው።”
ዝም አሉ። “ባትሪም ይተነፍሳል?” አሉኝ።
ምን ልበል? እኔም ገና ትናንት ማወቄ ነው፤ አፈርሁኝ።

ትናንት ሌሊት መብራት በስምንት ሰዓት መጣ፤
ቡልቅታው ተጀመረ። ደጅ ወጣሁ እንቅልፍ ሳጣ፤
መዳፌን ቱቦው አፍ ላይ ያዝሁ።
ምንም።
ምንም የሚመስለው ነበር የሚሄደው፣ አወቅሁ።

ሊነጋጋ ሲል ደግሞ አንድ ቅርፊት ጠቅ፣ ጠቅ፣
ከውስጥ የሚያንኳኳ፣ መውጫ የሚጠይቅ።
እንቁላልም ቀዳዳ አለው አሉ፣ ዐይን የማያየው እልፍ፤
ሃያ ቀን ሙሉ ትንፋሹ በዚያ ነበር የሚያልፍ።
ከስልሳው ሃምሳ አንዱ ወጡ።
ዘጠኙ እንደተዘጉ ቀሩ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ነጠላዋን ልጣፍልሽ ብላት
ይታክቱ እንቢ አለች። ትከሻዋ ላይ ጣል አርጋ
ጫጩቶቹን ልትሸጥ ወጣች፣ ቀዳዳው ፀሐይ እያሳየ፦
“ተወው” አለችኝ፣ “እሱም ይተንፍስ።”