ቢጫው ሰሌዳ

ቃሉ «ሊቭስፋርሊ» ነው፣ በኖርዌጂያኖች አፍ፣
ትራንስፎርመር ባለበት በቢጫ ላይ የሚጻፍ።
«ሊቭ» ሕይወት ማለት ነው፣ ከፊት የቆመው፤
«ፋርሊ» አደገኛ፣ ከኋላ የገፋው።
ተጣብቀው ሲነበቡ፦ ለነፍስ የሚያሰጋ፣
ለነካው ሰው ነገ የማይነጋ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ መሰላል ያዥ ነበርኩ፣
ኡድቫር መብረቅ ሲስል ቀለም የታቀፍኩ።
«ሕይወት አደገኛ ናት ማለት ነው እንዴ?» አልኩት።
ከላይ ሆኖ ሳቀ።
«መሰላሉን ያዝ» አለኝ። ያዝኩለት።

ሰፈሩ ግን ቃሉን እንደ ጨው ይነሰንሰዋል፤
የጉንቮር የለውዝ ኬክ ሊቭስፋርሊ ይጣፍጣል፣
የጀልባ ጠጋኙ ልጅ ሲስቅ ሊቭስፋርሊ ያምራል።
ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ፣ በአንድ ማንኪያ ክሬም!
ሁሉም ቀን ቀን ይሞታል፤ ማታ አልጋው ውስጥ ነው፣ አልሆነም ምንም።

የኡድቫር አባባል ግን ሌላ ነበረ፣
የቃሉን ግማሽ ትቶ በግማሹ የኖረ፦
«ኢከ ሶ ፋርሊ።»
ያን ያህል አደገኛ አይደለም፤
ማለትም፣ ግድ የለም።
ብርጭቆ ሲሰበር፣ ኢከ ሶ ፋርሊ።
አውቶቡስ አምልጦን በረዶ ላይ ስንቀር፣ ኢከ ሶ ፋርሊ።
መዶሻው ጣቴን ሲያገኘው
(የራሱን ጣት አይደለም፣ የእኔን ነው)
እሱው፣ እሱው።

በየካቲት ሐኪሟ ራጁን አየች።
ስለ ጥላ አወራች፣ ስለ ሳንባ ጥግ፣ ስለሚቀጥለው ቀጠሮ፤
የታጠበ እጇን ደግማ ታጠበች።
ቃሉን ግን አላለችውም።
ለኬክ የሚተርፈው ቃል እዚያ ክፍል ውስጥ አልተገኘም።
ያጽናናት እሱ ነው፤ ኮቱን እየቆለፈ፣
«ኢከ ሶ ፋርሊ» ብሏት በሩን አለፈ።

ዘንድሮ ብቻዬን ነኝ፤ መሰላሉን ያሰርኩት ከአጥር ጋር ነው።
ከወንዙ ማዶ ያለውን ሰሌዳ ክረምቱ ልጦታል።
«ፋርሊ» የለም።
የቀረው «ሊቭስ» ነው፣ በዝገት ምሰሶ፣
«የሕይወት» የሚል ቃል፣ መሐሉ ላይ ተበጥሶ።
ብሩሼን ነክሬ ትንሽ ቆየሁ፤
እንዲሁ ቢቀርስ፣ አልኩ፣ ሽቦው ከላይ ሲያንጎራጉር እየሰማሁ።

አንዲት ልጅ ከብስክሌቷ ወረደች፣
ፊደል በፊደል አነበበች፣
«የሕይወት… ምን?» አለችኝ፣
እጇን በአጥሩ ቀዳዳ እየሰደደች።

«ራቂ!» ብዬ ጮህኩ፣ ወንዙ እስኪመልሰው።
ከዚያ እጄ እየተንቀጠቀጠ ጻፍኩት፣ የቀረውን፣
ወፍራም አድርጌ፣
ቀለሙ እስኪንጠባጠብ።