የላ

ሙሐረቅ ዳርቻ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
በመስታወት አሻግሮ ባሕር የሚታይ፣
አንድ ክፍል አለ፤
በክፍሉ ውስጥ ደግሞ ብረት የበቀለ፦
ጉልበት ያለው ብረት፣ ቁርጭምጭሚት ያለው፣
ለአሮጊት ሴትዮ አረማመድ ሊያስተምር የተቀጠረ ነው።
እንደኔው ቅጥር ነው፤ ግን ወሩ ሲሞላ
ደሞዝ አይጠይቅም፣ አይተኛ፣ አይበላ።

ሲኒ ትባላለች፣ የኬረላ ልጅ ናት፤
(ስሟን በጠራሁ ቁጥር ለምን እንደምስቅ አልነገርኳት።)
መቀነቱን አስራ ቁልፉን ስትጫነው፣ እመቤቴ ተነሣች፣
እንደ በርበሬ ጆንያ ሚዛን ላይ ተሰቀለች።
ሰማንያ ሁለት ኪሎ። ግማሹን ገመዱ፣
ግማሹን እግሯ ይሸከም፤ እንዲህ ነው መንገዱ።
ምንጣፉ ከሥሯ ወደ ኋላ ይሮጣል፤
ከስክሪኑ ውስጥ ጫካ ወደ ፊቷ ይመጣል፣
ዝናብ የጠገበ፣ ባህሬን የማያውቀው፤
አንድ ዛፍ አለበት፣ ደረሰች ስል የሚርቀው።

ስድስት ዓመት ሙሉ ‹የላ› ነበር ስሜ።
ሰማዩ ሳይቀላ ብድግ ከነሕልሜ፤
‹የላ› ደረጃውን፣ ‹የላ› መኪናውን፣
‹የላ› የጃሲምን ጀለብያ፣ ‹የላ› ዓሣውን።
ሃያ ሁለት ነው ደረጃው፣ አውቀዋለሁ በጨለማ፤
አሥራ አራተኛው ላይ ጉልበቴ ቀጭ ይላል፣ ማንም ባይሰማ።

በሻዕባን መባቻ፣ ሐሙስ ከቀትር ኋላ
ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ፤ ‹የላ› አለች፣ ‹የላ፣ የላ›—
ቀኝ ጎኗ ቀድሟት ተኛ። አፏም ተጣመመ።
አምቡላንሱ እስኪመጣ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ከረመ።

ቃሏ ሁሉ ጠፋ። የልጆቿን ስም፣ የውሃን፣ የጨውን፣
ስትሮክ ጠርጎ ወሰደው፤ አንድ ብቻ ተወላት፣ ያንን የማውቀውን።
ሲጠማት ‹የላ›፤ ስትናደድ ‹የላ›፤
ጃሲም ከለንደን ደውሎ ሲያለቅስም ‹የላ›።
አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ፦ ቀጭኑ ‹ክፈቱ መስኮት›፣
ወፍራሙ ሽንት ቤት፤ ረጅሙን እንጃ፣ አልደረስኩበት።

ማሽኑ ሲያበቃ ቁጥር ያወጣል፦ ሦስት መቶ አርባ እርምጃ።
ሲኒ ታጨበጭባለች። እኔም አጨበጨብኩ። ውስጤ ግን ያሰላል፦ ሃያ ሁለት ደረጃ
በቀን ሠላሳ ጊዜ፣ በስድስት ዓመት ስንት?
የኔን ማን ቆጠረው? የት ተጻፈ? በየት?
ቂም አይደለም ይሄ። ሒሳብ ነው። ሒሳብ ደግሞ
አያስተኛም አንዳንዴ፣ ሰውነት ቢዝልም ደክሞ።

ረቡዕ ዕለት ሲኒ ገመዱን ፈታችው።
ብረቱ ጥጉን ያዘ። ‹ፊት ለፊቷ ቁሚ› አለችኝ፣ ‹ዓይንሽን ትየው።›
ዘንግ በግራ፣ ዘንግ በቀኝ፤ መካከሉ አራት ሜትር።
ወደ ኋላ ሄድኩ፣ እጄን ዘርግቼ፣ እሷን ሳስተውል፣ የራሴን ሳልቆጥር።
ቀኝ እግሯ ተንቀጠቀጠ። ጎንበስ ብላ አየችው።
‹የላ› አለችው እግሯን፤ እኔን ባዘዘችበት ድምፅ ሳይሆን፣ ለመነችው።
ተነሣ።
አየር ላይ ቆየ።
መሬቱን ነካ።
‹ወፌ ቆመች!› አልኩ ሳላስበው፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል ለካ፣
ሲኒ ዞረች። ‹ምንድነው?› አለች። ‹ወፍ› አልኳት፣ ‹የኛ አገር ወፍ ናት።›
እመቤቴ በግማሽ አፏ ሳቀች፤ ሌላውን ግማሽ ጨመርኩላት።

ከዚያ ረጅሙን ‹የላ› አለችኝ፣ ያንን ያልፈታሁትን።
‹ነይ› ይሁን፣ ‹እንሂድ›፣ ወይስ ‹ተይኝ ልቀመጥ›፣ እንጃ ትርጉሙን።

እሷ ምድር ቤት ተኝታ፣ የታጠበ አንሶላ
ተሸክሜ ወጣሁ። ቤቱ ጭር ብሏል፤ የሚጣራ የለም ከኋላ።
አሥራ አራተኛው ላይ ጉልበቴ ቀጭ አለ።
ቆምኩ። ጎንበስ ብዬ በእጄ ያዝኩት፣ እየጋለ።
‹የላ› አልኩት፣ በቀስታ።
ስምንት ይቀረናል። ማን አስቸኮለን በማታ?